እድር ለሕያዋንም ይሁን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በአቃቂ ቃሊቲ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው እድር ነው። ሰፈራችን በባቡር ጣቢያውና በፋብሪካዎቹ ዙሪያ፣ ከየአገሩ ለሥራ በመጣ ሰው ያደገ ነውና፣ ዘመዱ በሩቅ ለቀረበት ሁሉ እድር ዘመድ ሆኖታል።

ነገር ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃታት እናት ውዝፍ ሲበዛባት ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ እርዳታ ይልቁንም የሚያሻት ግን ያን ጊዜ ነው። ለቀብር የሚገኘው ብርም ልጇ ደብተር ሲያጣ አይገኝም።

ይህ ሊታረም የማይችል አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ ብዙ ወላጆችን በቀጠፈ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ አያሌ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኞችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ለችግረኛ አባል የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም፣ ከመዋጮውም ጥቂት ብር ለልጆች ደብተር እንዲመደብ አሳስቡልን። እኛም ተማሪዎች መዝገብ በመጻፍና ታናናሾቻችንን በማስጠናት እናግዛለን። ቀባሪ ያላጣ ሰፈር ደጋፊም አይጣ።