በዝናም ጊዜ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት



በላስታ ያሉት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ተክቦ የተሠሩ ሳይሆኑ ከዓለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺም ሁሉ በበጋ ሰማዩ ሲጠራ ሊያነሣቸው ይወዳል። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ በበረታ ጊዜ እኩሌታው ሲያበራ እኩሌታው ይጨልማል። በክረምት ግን ብርሃኑ በደመና ተጣርቶ በአራቱም ወገን ይወርዳል፤ የረጠበውም ዓለት ቅላቱ ይጎላል።

ይህ ውበቱ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከዚህ ይበልጣል። ደረቅ ዓለት ቁስሉን ይሰውራል፤ ዝናም ይገልጠዋል። ውኃው በየትኛው ስንጥቅ እንደሚገባ፥ በጣሪያው ላይ የት እንደሚቋጥር፥ የጥንት ጠራቢዎች ያበጁለት መውረጃ ተደፍኖ እንደ ሆነ ፎቶግራፉ ይመሰክራል። በ2000 ዓ.ም. በቤተ መድኃኔ ዓለም፥ በቤተ ማርያምና በሌሎችም ላይ ትልልቅ መጠለያ የተተከለው ይህን ዝናም ለመከላከል ነበር፤ ቤተ ጊዮርጊስ ግን አልተከደነም። እንግዲህ ዝናም ለዓለቱ ጠላት ሲሆን ለመርማሪው ምስክር ነው።

ስለዚህ አንሺው መሣሪያውን በጥላ ይከልል፤ መስተዋቱን በንጹሕ ጨርቅ ይወልውል፤ እግሩም እንዳያድጠው ከአፋፉ ይራቅ። በየክረምቱም ከዚያው ስፍራ ቆሞ ያንሣ፤ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲተያይ የስንጥቁ ማደግ ይታወቃልና። የቤቱን ውበት ብቻ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለዓይን ደስታ ነው፤ እንባውን የሚያሳይ ግን ለጠጋኙ መሪ ነው።