ንድፍ ስለሌለው ሽመና
ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች የምክክር ጉባኤ የቀረበ ንግግር





ስለ ወጣቶች የእጅ ሙያ ፕሮጀክቶች እንድንናገር ስንታዘዝ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው ከየአጥቢያው በመጡት የፕሮጀክት ሐሳቦች ላይ አስተያየት ለመስጠት ነበር። ሆኖም ሐሳቦቹን በአንድ ላይ ስናነባቸው እጅግ ተመሳሳይ ሆነው አገኘናቸው፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሦስት ወር ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀት፣ ምረቃ። ከምረቃው በኋላ ስላለው ጊዜ የሚናገር ገጽ የተገኘው ግን በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ቢፈቅዱልን፣ ለትምህርት በካይሮ በቆየንባቸው ወራት ሄደን ስላየነው አንድ መንደር እንናገራለን። ወደ እናንተ ፕሮጀክቶች የምንመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

መንደሩ ሐራኒያ ይባላል። ከጊዛ ፒራሚዶች ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ሳቃራ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው በፒራሚዶቹ አካባቢ ያሉትን ሱቆች ነው። በየግድግዳው የተሰቀለው የፓፒረስ ሥዕል ያው አንድ ነው፤ ያው ንጉሥ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ወፍ። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። እኛም በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የንግሥተ ሳባ ታሪክ በየሱቁ ያው ሆኖ ተስሎ ስለምናውቀው አልተደነቅንም። የተደነቅነው ከዚያ ጥቂት ርቆ በጭቃ ጡብ በተሠሩት ጉልላታማ ቤቶች ውስጥ ነው። በዚያ ከተሰቀሉት የሱፍ ሽመናዎች ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም።

የዚህ ሥራ መሥራች ራምሲስ ዊሳ ዋሴፍ የሚባሉ ግብፃዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበሩ (ዓመታቱን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1911 ከቅብጥ ቤተሰብ ተወልደው፣ በፓሪስ ተምረው፣ በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። አስቀድመው በጥንታዊቷ ካይሮ በሠሩት አንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሽመና ማለማመድ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከባለቤታቸው ከሶፊ ጋር ወደ ሐራኒያ መጡ። የሶፊ አባት ሐቢብ ጎርጊ የልጆችን ተፈጥሯዊ የፈጠራ ችሎታ በመመርመር የታወቁ የሥነ ጥበብ መምህር ነበሩ። ባልና ሚስቱ የመረጡት የታወቁ ሸማኔዎችን አይደለም፤ የገበሬውን ልጆች ነው። እነዚያ ልጆች በብዛት ሙስሊሞች መሆናቸውን የምንጠቅሰው፣ ቤተ ክርስቲያን በአጥቢያዋ ያለውን ሰው ሁሉ ታገለግላለች ስንል በሥራ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ ነው።

መምህሩ ለልጆቹ የሰጡት ትምህርት አጭር ነበር፤ ድርን መወጠር፣ ማግን ማስገባት፣ ቀለምን ከቀለም ማገናኘት። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ለልጁ የተተወ ነው። አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚነደፍ ሥዕል የለም። ከመጽሐፍ ወይም ከሌላ ሰው ሥራ መቅዳት አይፈቀድም። ትልልቅ ሰዎችም በልጁ ሥራ ጣልቃ ገብተው ይህን አርም፣ ያን ለውጥ አይሉም። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። በፋብሪካ አንዱ ይነድፋል፣ ሌላው ይሸምናል፤ በዚህ ጊዜ የሸማኔው እጅ ከአእምሮው ይለያል። እርሳቸው ግን ሐሳቡም ሥራውም ከአንድ ሰው እንዲወጣ ፈለጉ። ማቅለሚያውም ከዚያው ከግቢው ነው፤ ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን የሚሰጡትን ዕፀዋት ራሳቸው አብቅለው ሱፉን ይነክሩበታል።

በጎበኘንበት ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በቆመው የሽመና ዕቃ ፊት ተቀምጠው የመስኖ ቦይና ዳክዬዎች ይሸምኑ ነበር። ንድፉ የት እንዳለ በአስተርጓሚ ጠየቅናቸው። ጥያቄው አልገባቸውም፤ አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። ከሥር ጀምሮ የተሸመነው ክፍል በታችኛው ግንድ ላይ እየተጠቀለለ ስለሚሄድ፣ በትልልቅ ሥራዎች ሸማኔው ሥራውን በሙሉ የሚያየው ከዕቃው ላይ ተቆርጦ ሲወርድ ነው። እስከዚያ ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ የዛፉን ሥር ሠርቶ ቅርንጫፉ የት እንደሚደርስ በልቡ ይዞ ይቀመጣል። ዛሬ በሐራኒያ ዙሪያ የከተማው ሕንፃዎች በዝተው እርሻውን እየከበቡት ነው። በሽመናው ላይ ግን ቴምሩ፣ ቦዩ፣ የገበያው ግርግር፣ የሠርጉ ሰልፍ አሉ። ልጅ ሳሉ ያዩትን ነው የሚሸምኑት። ከመስኮቱ ውጭ የጠፋውን በእጃቸው ያቆዩት ይመስለናል።

እዚህ ላይ ኮሚቴዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ጊዜንና ክፍያን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች ብዙዎቹ አድገው፣ አግብተው፣ አርጅተውም በዚያው ሥራ ኖረዋል። ሸማኔው ሥራውን ሲጨርስ ይከፈለዋል፤ ጎብኚ መጥቶ እስኪገዛው አይጠብቅም። የገበያውን ሥጋት የተሸከመው ማዕከሉ እንጂ ድሃው ገበሬ አይደለም። መሥራቹ በ1974 ሲያርፉ ሥራው አልተበተነም፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቀጠሉት። በ1983 ማዕከሉ የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ግን ሥራው ከተጀመረ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ነው። በሦስት ወር ሪፖርት የሚደረግበት ነገር አልነበረም።

ይህን ስንናገር ከአባቶች የሚነሣውን ጥያቄ እናውቃለን። እኛም በካይሮ ሳለን እርስ በርሳችን ተጠያይቀንበታል። ቅዱሳት ሥዕላትስ? ሠዓሊው እንደ ልቡ ይሣል ማለታችሁ ነውን? አይደለም። ቅዱሳት ሥዕላት ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ያላቸው የጸሎትና የትምህርት መሣሪያዎች ናቸው፤ መልካቸውን፣ ቀለማቸውን፣ አቀማመጣቸውን መጠበቅ ታማኝነት ነው። የምንናገረው ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ሸክላው፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ጥልፉ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ሁለቱንም ይጎዳል።

ደግሞም ያለ ቅጂ መፍጠር ለእኛ የባዕድ ትምህርት አይደለም። የቅኔ ቤት ያለፋችሁ አባቶች ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ደቀ መዝሙሩ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ተቀኘ አይባልም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ ለብቻው በዛፍ ጥላ ሥር ሲቆጥር ይውልና የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ሊነግር ይቀርባል። መምህሩም ያርመዋል። በዚህ በኩል ከሐራኒያ ይልቅ የቅኔ ቤታችን መንገድ ይሻለናል ብለን እናምናለን፤ ጨርሶ የማይታረም ወጣት የሚያድገው እንደ ራምሲስ ያለ ትዕግሥተኛ ሰው አጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለየአጥቢያው ማግኘት አይቻልም። ስለ ጊዜውም ቢሆን፣ ቅኔን በሦስት ወር ሥልጠና እንስጥ ያለ መምህር ሰምተን አናውቅም። የቆሎ ተማሪውን አኩፋዳውን እየሞላ ለዓመታት የተሸከመው የአጥቢያው ሕዝብ ነው። ይህን ማድረግ የሚያውቅ ሕዝብ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ሁለት ዓመት መታገሥ አያቅተውም።

በካይሮ ያገኘናቸውን እኅቶቻችንንም ሳናነሣ አናልፍም። አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ የራሳቸው የሆነው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንኑ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ተቀምጠው ነጠላ ይጠልፉ ነበር። አንዷ የሀገሯን ጥለት ታሳያለች፤ ሌላዋ በግብፃውያን አብያተ ክርስቲያናት ያየችውን የመስቀል ቅርጽ ትጨምርበታለች። ሥራው ለክርስትና ስጦታ ይሆናል እንጂ አይሸጥም። በጀትም፣ አሠልጣኝም፣ የፕሮጀክት ኃላፊም አልነበራቸውም። እኛ ግን እንዲህ ያሉት እጆች በየአጥቢያችን ሳሉ ነው ከሌላ ቦታ አሠልጣኝ የምንቀጥረው።

ወደ እናንተ ሐሳቦች እንመለስ። ስሙን በማንጠራው አንድ አጥቢያ የስፌት መኪናዎቹ በላስቲክ እንደተሸፈኑ በዕቃ ቤት ተቀምጠው አይተናል። ሠልጣኞቹ ተመርቀዋል፤ ሁሉም ያንኑ ዓይነት የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ስለተማሩና የአካባቢው ትምህርት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ከሁለቱ በቀር ሥራ አላገኙም። ሌሎቹ ወደ ከተማ ሄዱ፤ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ዓረብ አገር። ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ጥቂት እንደወረዱ ግን ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች አሉ። ማንም ወደ ሥልጠናው አልጠራቸውም፤ ለማስተማርም፣ ለመማርም። ለምን እንዳልተጠሩ ሁላችንም እናውቃለን። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በክፉ ስም የሚጠራ ልማድ በብዙ አካባቢዎች ገና አልሞተም፤ በማኅበር ጽዋ ላይ እንኳ የሚያገላቸው አለ። ባስልኤልና ኤልያብ ግን ለደብተራ ኦሪት ሥራ በስማቸው የተጠሩ ባለ እጆች ነበሩ፤ ሽመናና ጥልፍም ከጥበባቸው ተቆጥሯል፤ ሌላውን የማስተማር ችሎታም ተሰጥቷቸዋል። ይህን በዐውደ ምሕረት የሚያስተምር ካህን ከኮሚሽናችን በጀት የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ ሐሳቦቹ ተሻሽለው ሲቀርቡ በእነዚህ ነገሮች ላይ እንዲያተኩሩ እንጠይቃለን። አርባ ሠልጣኝ ለሦስት ወር ከሚባል፣ አሥር ወጣት ለሁለት ዓመት ይባል። ከበጀቱ አንድ ክፍል መሣሪያ መግዣ ሳይሆን የተጠናቀቀ ሥራ መግዣ ሆኖ ይያዝ፤ ኮሚቴው ገዝቶ ይሽጥ፤ ያልተሸጠውም በአጥቢያው አዳራሽ ይሰቀል። መምህራኑ ከዚያው አጥቢያ ይሁኑ። ጥሬ ዕቃውም እንዲሁ፤ የበግ ጠጉር በሞላበት በመንዝ አካባቢ ባናና በርኖስ የሚሠሩ እጆች ሳሉ ከከተማ ጨርቅ የሚያስጭን ሐሳብ ሲቀርብልን ለመደገፍ እንቸገራለን።

ለጋሾች የሠልጣኝ ቁጥር መጠየቅ ይወዳሉ፤ ሪፖርቱን የምንጽፈው እኛ ስለሆንን ይህን በሚገባ እናውቃለን። ዐሥር የሚለው ቁጥር በሠንጠረዥ ላይ ትንሽ መስሎ እንደሚታይም እናውቃለን። ያንን የማስረዳቱ ድርሻ የእኛ ነው፤ ለእናንተ አንተወውም።

ከምሳ በኋላ በየሀገረ ስብከቱ በቡድን ስንቀመጥ በገንዘቡ አንጀምር። በየጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ተቀምጧል። በመጀመሪያ በአጥቢያችሁ ያሉትን የሸማኔዎች፣ የሸክላ ሠሪዎች፣ የቆዳ ሠራተኞች፣ የአንጥረኞች፣ የስፌትና የጥልፍ ባለሙያዎች ስም ጻፉበት። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በቡድኑ ከሌለ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ጠይቃችሁ ሙሉትና ለጽሕፈት ቤታችን ላኩልን።