ከሞተር እስከ ጎማ፦ በቢቸናና በሞጣ ከፍታ የሚባክነው የፈረስ ጉልበት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ተሽከርካሪ የዓባይን ሸለቆ ከወረደ በኋላ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያም ወዲያ የሚሄድበት አገር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሾፌሩ «መኪናው ጉልበት አጣ» ብሎ ጋራዥ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው። ሞተር ማስፈታት ግን ለባለንብረቱ ከባድ ወጪ ነውና፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ጉልበቱ የት ቀረ?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ቀራጭ አየሩ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በባሕር ጠለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ቢቸና ላይ የሚሰጠው 75 ያህል ነው። ይህን ጉድለት ማንም መካኒክ አይጠግነውም።

ሁለተኛው ቀራጭ ከፍሪሲዮን ተነሥቶ በካምቢዮና በዲፈረንሻል በኩል እስከ ጎማ የሚዘልቀው መስመር ነው። ማርሽ ኃይል አይፈጥርም፤ አንደኛ ማርሽ ፍጥነትን ሰጥቶ የመዞር ጉልበትን ይገዛል እንጂ። ጥርስና ጥርስ በተገናኙ ቁጥር ከሚያልፈው ኃይል 1 ወይም 2 በመቶ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዲፈረንሻል ውስጥ ጥርሶቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ብክነቱ ከዚህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ብክነቱ ሁሉ ከጭነቱ ጋር የሚያድግና የሚቀንስ አይደለም። ዘይቱን ማማሰልና የኩሽኔታው ሰበቃ ሞተሩ ቢደክምም አይቀንሱም። ለምሳሌ ቋሚው ብክነት 5 የፈረስ ጉልበት፣ ከጭነት ጋር የሚለዋወጠው ደግሞ 8 በመቶ ነው እንበል። በባሕር ጠለል ከ100ው 13 ይባክናል፤ ይህም 13 በመቶ ነው። ቢቸና ላይ ከ75ቱ 11 ይባክናል፤ ይህም ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ጎማው ዘንድ የሚደርሰው 64 ብቻ ነው። የባከነው 11 የፈረስ ጉልበት ሁለት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶችን ሊያግል የሚችል ሙቀት ነው።

እንግዲህ ባለሙያው ሊያድን የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ድርሻ ነው። የካምቢዮን ጩኸት ለማፈን ከታዘዘው የወፈረ ዘይት መጨመር፣ በተለይ በደጋው ብርድ ማለዳ፣ ቋሚውን ብክነት ያባብሳል። ከመጠን በላይ የተሞላ ዘይትም እንዲሁ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ፣ የመቃጠል ሽታም ካለ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከጉዞ በኋላ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ጎማ የያዘ ፍሬን ወይም ያለቀ ኩሽኔታ መኖሩን ያመለክታል። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ማርሹን ፈትቶ፣ ጎማውን በእጅ ማዞር የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከፍታው የሚወስደው ድርሻ የተፈጥሮ ነው። መስመሩ የሚወስደው ግን በሙያ ይቀነሳል። ሁለቱን ሳይለዩ ሞተር መፍታት ደጋውን ራሱን ለመጠገን እንደ መነሣት ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው ባለመኪናው ይሆናል።