ሳሎን ውስጥ ያደገ አውራ ዶሮ

ካርቶን ተሸክመው በየሰፈሩ ጫጩት የሚያዞሩ ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። ልጅ ያለበት ቤት እነሱን ዝም ብሎ ማሳለፍ ይከብደዋል። «ሴት ናት፣ እንቁላል ትጥላለች» ተብሎ ይገዛል። ወር ከምናምን ሲሞላ ግን አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩ ይደነድናል፣ አረማመዱም ይለወጣል። ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ አውራ ዶሮ እያሳደገ መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው።

ጫጩት ቤት ውስጥ ማሳደግ ሞያ ይባላል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ እላለሁ። ግን ብዙ ሰው ሞያው ጫጩቱን በሕይወት ማቆየት ይመስለዋል። እሱ ቀላሉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ መሄድ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ይይ፤ ማሞቂያው አምፖል ሥር ተቆላልፈው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከጫሩ ተመችቷቸዋል። ከሥራቸው ደረቅ ሰጋቱራ፣ ውኃው ጥልቀት በሌለው ዕቃ። የፈንግል ክትባት አይዘለል። ጫጩት የነካ ልጅ ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ኩሱን ቦታ ለማስለመድ አትድከሙ፤ ዶሮ ሽንት የሚይዝበት ፊኛ የለውም፣ ኩሱ ላይ የምታዩት ነጩ ነገር ሽንቱ ነው። ስለዚህ ምንጣፋችሁን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሞያው የሚጀምረው ከሁለተኛው ወር በኋላ፣ ጠባይ ሲመጣ ነው። ትከሻ ላይ የሚያንቀላፋው፣ ከእጅ የሚበላው፣ ስሙን ሲጠሩት የሚሮጠው ጫጩት አንድ ቀን አንዱን ክንፉን መሬት አስነክቶ በጎን በኩል ይዞራችኋል። ልጆች ይስቃሉ፣ ስልክ አውጥተው ይቀርጹታል። ነገሩ ግን ጭፈራ አይደለም። አውራ ይህን የሚያደርገው ለሴት ዶሮ ወይም ለባላንጣው ነው፤ እናንተን ከሁለቱ አንዱ አድርጎ ቆጥሯችኋል ማለት ነው። ቀጥሎ የአንገቱን ላባ ነፍቶ ጫማ መንከስ ይመጣል፤ ከዚያ እግር ላይ ዘሎ መምታት። የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ የገዛ ምስሉን አይቶ ሲደባደብ ያየ ሰው፣ ይህ ፍጥረት ባላንጣ ካጣ ፈልጎ እንደሚያገኝ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ከብዙ ዶሮ ወዳጆች ጋር እለያያለሁ። «አቅፈን፣ ስመን፣ አጉርሰን ስላሳደግነው ገራም ይሆናል» ይላሉ። ለሴቷ ይሠራል። አውራው ግን ሰውን መፍራት ካልተማረ፣ ጉልበቱ ሲመጣ ሰውን እንደ መንጋው አባል ይፈትናል። በእጅ የለመደ አውራ በርቀት ካደገው ይልቅ ልጅ ሲያሳድድ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሁለት ወር ሲሞላው ከእጅ ማብላቱ ይቁም፤ መኖው በዕቃ ይቅረብለት። ልጆች አባሮሽ አይጫወቱበት፤ ሮጦ የሚሸሽ ሰው የተሸነፈ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሲመጣባችሁ አትራገጡ፣ ወደ ኋላም አትበሉ፤ ቀስ ብላችሁ ወደ እሱ ተራመዱ፣ መንገዱን እሱ ይልቀቅ። ካልለቀቀ ክንፎቹን ገጥማችሁ ብብታችሁ ሥር ያዙት፣ ሰውነቱ እስኪላላም ጠብቁ። ዱላ ግን ጠቡን ያጠናክራል፤ ተመታሁ ብሎ አይማርም፣ ውጊያው ቀጠለ ብሎ ነው የሚያስበው።

ጩኸቱስ? ድምፁ መጀመሪያ ተሰንጥቆ፣ ግማሽ ላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ ደስ ይላል። እየዋለ ሲያድር ግን ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ዕዳ ነው። እንዳይነጋበት ማደሪያውን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አውራ ዶሮ ቀንና ሌሊት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢቀመጥም ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል። ሰዓቱ ከውስጡ ነው። አባቶቻችን «ዶሮ ሲጮኽ» ብለው መንገድ የጀመሩት ያለ ነገር አልነበረም። ጨርቁ ትንሽ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስተወውም። የቤልጂየም ተመራማሪዎች ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ነገሩን፤ አውራ ምንቃሩን በሰፊው ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይደፈናል። እሱ ራሱን ከጩኸቱ ጠብቋል። ጎረቤታችሁ ግን ይህ ዕድል የለውም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ጫጩት ቤት ውስጥ ማሳደግ ለልጅም ለአዋቂም መልካም ጨዋታ ነው፤ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በኋላ አውራው አፈር የሚታጠብበት ግቢ፣ የሚወጣበት ቆጥና የሚጠራቸው ሴት ዶሮዎች ያስፈልጉታል፤ ይህን የሚተካ ሳሎን የለም። ጫጩቱን ከመግዛታችሁ በፊት ግቢ ያለውን ዘመዳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። እሱ እሺ ካላለ ለሻጩ ደህና ዋል በሉትና እለፉ።