ጆርጅ ዋሽንግተን ስለ አንድነት ያለውና ያላለው

(በአንድ የወጣቶች የውይይት ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር)



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚል ተረት ላደግን ለእኛ፣ ዛሬ የማነሳው ሰው ታሪክ ግር ማሰኘቱ አይቀርም። የአሜሪካንን የነፃነት ጦርነት የመራው፣ በኋላም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ሁለት ጊዜ ትልቅ ሥልጣን ጨብጦ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳያስገድደው አስረክቦ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ነው። ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከማርች 1783 ልጀምር። ጦርነቱ ሊያበቃ ተቃርቧል። ኒውበርግ የሰፈሩት መኮንኖች ግን ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ተቆጥተዋል። የጸሐፊው ስም የሌለበት ወረቀት ተበተነና ምክር ቤቱን በጠመንጃ እናስፈራራው የሚል ሐሳብ ይናፈስ ጀመር። ዋሽንግተን ሳይጠበቅ ስብሰባው ላይ ከች አለ። ተናገረ፣ መከረ፤ ልባቸው አልተመለሰም። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ሊያነብላቸው ፈለገና ከኪሱ መነጽር አወጣ። መነጽር እንደሚያደርግ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። እናንተን ሳገለግል ሸበትኩ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔም እየደከመ ነው የሚል ቃል ተናግሮ ይቅርታ ጠየቃቸው። ጦርነት ያላስለቀሳቸው መኮንኖች አለቀሱ። አድማውም እዚያው ከሰመ!

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን አናፖሊስ ላይ የጦር አዛዥነቱን ለምክር ቤቱ መልሶ አስረከበ። እኔ ባሕርይ የምለው ይህንን ነው። ስብከት አይደለም፤ ማድረግ እየቻሉ አለማድረግ ነው።

ሁለተኛው ስንብቱ በ1796 ነበር። አሌክሳንደር ሐሚልተን በማርቀቅ የረዳው የስንብት መልእክት በሸንጎ አልተነበበም፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን ፊላደልፊያ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጋዜጠኛ ነኝና ይህቺ ነገር ደስ ትለኛለች። ሰውየው ለሕዝቡ የሚለውን በጋዜጣ አለ፤ አለቀ።

ምን አለ? ከተወለዳችሁበት ክፍለ ሀገር ስም ይልቅ የጋራ ስማችሁ ያኩራችሁ አለ። ግን «ተዋደዱ» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ጥቅማቸውን ቆጥሮ አሳያቸው። ሰሜኑ መርከብና ፋብሪካ አለው፣ ደቡቡ እርሻ፤ ምዕራቡ ምርቱን የሚሸጠው በምሥራቁ ወደብ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይጠቀምም አለ። በወገን መቧደን መበቃቀልን እንደሚወልድ፣ በመበቃቀል የሰለቸ ሕዝብም በመጨረሻ እፎይታን ፍለጋ በአንድ ፈላጭ ቆራጭ ሰው እግር ሥር እንደሚወድቅ አስጠነቀቀ። መንግሥት በሕዝብ አስተያየት የሚመራ ከሆነ ደግሞ ሕዝቡ እውቀት ሊኖረው ይገባል አለ።

እስቲ አሁን ያላለውን እንይ። ስለ አንድነት ያን ያህል የጻፈው ሰው፣ በዚያ መልእክት ስለ ባርነት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሱ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ በ1793 ያመለጡ ባሮች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያደርገውን ሕግ የፈረመውም እሱ ነው። በ1799 በኑዛዜው፣ የራሱ የሆኑት ከ120 በላይ ሰዎች ሚስቱ ስትሞት ነፃ እንዲወጡ አዘዘ። መልካም ነው፤ ግን በሕይወት ሳለ ያላደረገው ነው። ያ ዝምታ ምን አስከተለ? በ1861 ሰሜንና ደቡብ ተማዘዙ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

ታዲያ ከዚህ ሰው ምን እንማራለን? እኔ ሁለት ነገር ይዤ እወጣለሁ። አንድነትን የሚሰብክ ባለሥልጣን ሲነሳ «አንተስ ለአንድነቱ ስትል ምን ለቀቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዋሽንግተን መልስ ነበረው። ሁለተኛው፣ ከማዕዱ ዙሪያ የተገፋ ሰው እያለ «አንድ ነን» ማለት፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ መፈረም ነው። ለዚህኛው ግን ዋሽንግተን በቂ መልስ አልነበረውም።

ትልቅ ሰው ማክበር ማለት የሠራውን ማመስገን፣ ያጎደለውንም መሙላት ይመስለኛል።