ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም
(በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሲነሣ «ብርድ ገባኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። የደጋ ሰው ቢለው ያምርበታል፤ በሙቀት ወራት አልጋ ግቢ አውጥተን በምንተኛበት በድሬዳዋ ግን ብርዱ ከወዴት መጣ?

ዛሬ የምንናገረው ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚሉት ቁርጥማት ነው። ይኸ ሪህ አይደለም። ሪህ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በድንገት ያንድ እግር አውራ ጣት ላይ ይነሣል። ለዚህኛው የዛሬ ስሙን ያወጣለት ጋሮድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1859 ነው። ሩማቶይድ ማለት ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ሲመታ ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፤ ሲቆይ አጥንቱን ይበላዋል፣ ጅማቱን ያላላዋል። ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል፤ የእርጅና ብቻም አይደለም፣ የሠላሳና የአርባ ዓመት ሰው ይይዛል።

በእግር በኩል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጣቶቹ ሥር፣ ከመርገጫው ላይ ነው። የያዘው ሰው «ጠጠር የረገጥኩ ይመስለኛል» ይላል፤ ጫማውን አውልቆ ቢያራግፍ ጠጠር የለም። ሁለቱም እግር ይታመማል። ጧት ሲነሡ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዱን ከአንድ ሰዓትም በላይ ተገትሮ ይቆይና ሲንቀሳቀሱ ይፍታታል። በርጫ ላይ እግሩን አጥፎ የዋለ ሰውም ይደነዝዛል እኮ፤ ያ ግን በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። ሕክምናው ከዘገየ አውራ ጣት ወደ ጎን ይተኛል፣ ሌሎቹ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ የውስጥ እግር ጉድጓዱም ይወርዳል።

ስለዚህ ሕመሙና እብጠቱ ሳምንታት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ እየገዙ ዓመት መግፋት ሕመሙን ያደበዝዛል እንጂ አጥንቱን አያድንም፤ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል። በሽታውን ራሱን ከሚይዙት መድኃኒቶች አንዱ ሜቶትሬክሴት ነው። ይኸ በሐኪም ትእዛዝ፣ ደም እየተመረመረ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል! ነፍሰ ጡርም አትወስደውም። የጎረቤት ኪኒን መዋስ የሚባል ነገር ይቅር።

ጫማው ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ጠንካራ ይሁን፤ ሲገዛም እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ያኔ ቆሞ መለካት ነው። ነጠላ ጫማ በጣት ቆንጥጠው ካልያዙት ስለሚያመልጥ ለዚህ በሽተኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ዕድራችን እንምጣ። ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። መቀጫውን ፈርተው ያበጠ እግር እየጎተቱ እስከ መቃብር የሚከተሉ እናቶችና እኅቶች አሉን። የሐኪም ወረቀት ያመጣ አባል ድንኳኑ ውስጥ ከተገኘ ቀብር እንደ ወጣ ይቆጠርለት፤ በአግዳሚው ፈንታም መደገፊያ ያለው ወንበር ይሰጠው ብለን ለጉባኤው አቅርበናል። ዳኛው ድምፅ ያስቆጥሩልን።