ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን



ለዚህ በዓል የቀድሞ ተማሪዎችን ለመመዝገብ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ አዘጋጅተን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስልክ ቁጥሬ በመጽሔቱ ይታተም» የሚል ሲሆን፣ አጠገቡ ምልክት የሚደረግበት ትንሽ ሳጥን ነበረው። አንዲት የቀድሞ ተማሪ አስቀድመው ፈቅደው ሳለ፣ ኋላ አሳባቸውን ለውጠው ምልክቱን አነሡ። ሆኖም ለማተሚያ ቤት ባዘጋጀነው ዝርዝር ውስጥ ቁጥራቸው ተጽፎ ተገኘ! ደግነቱ ሳይታተም ደረስንበት።

ነገሩን ስንመረምር ጥፋቱ የኛው ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲኤምኤል ደንብ መሠረት ምልክት የተደረገበት ሳጥን ከነዋጋው ይላካል፤ ባዶው ግን «አይሆንም» ብሎ አይናገርም፣ ከነጭራሹ አይላክም። ፕሮግራማችን ደግሞ የመጣለትን ብቻ ይለውጥ ስለ ነበር፣ የቀድሞውን «እሺ» ሳይነካ ተወው። የሴትዮዋን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠርነው ማለት ነው።

ከሳጥኑ በፊት በስም ከርሱ ጋር አንድ የሆነ፣ ዋጋው 0 የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ መስክ ማስገባት አንዱ መድኃኒት ነው፤ ሳጥኑ 1 ብሎ ሲልክ ፒኤችፒ የኋለኛውን ይቀበላልና። እኛ ግን ሰርቨሩ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች በዝርዝር ይዞ፣ መልስ ላልመጣበት ሳጥን «አይሆንም» ብሎ እንዲጽፍ አደረግን። ይህም ጥንቃቄ ይሻል፤ ጥያቄው በዚያ ገጽ ላይ ካልቀረበ፣ ያልተጠየቀ ሰው እንደ ከለከለ ይቆጠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጽ የየራሱን ዝርዝር ጻፍንለት።

እኒያን የቀድሞ ተማሪም ይቅርታ ጠይቀናል፤ ቁጥራቸው በመጽሔቱ አይወጣም።